የባሌ የአደን ዕቃና የተዋስኩት ልጅ

እንዲያው እኔን ብሎ አደን አሰናጂ። አይጥ በጓዳ ሽው ስትል መደብ ላይ ዘልዬ የምወጣ ሴት፣ ለነብር አዳኝ ዕቃ ስሞላ ከረምኩ ብል ማን ያምነኛል? እኔም አላምነኝም። ሌላዋ ሙሽራ ጥጧን ትፈትላለች፣ ሹሩባዋን ትሠራለች፣ አማቷን ታማለች። እኔ የሰው ልጅና የሰው ጥይት አንድ ላይ አዝዬ ባንዳ ፊት ቆምኩ። ጀግና ነበረች እንዳትሉኝ ደግሞ። ጥርሴ እርስ በርሱ ሲንኳኳ ከፊቴ የነበረው አህያ ዞሮ አይቶኛል።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የቆዳ ሽታ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ እጄን ይዛ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወሰደችኝ። እናንተ ፍኖተ ሰላም በሉት፤ እኔ ወጀት ሲባል ነው የማውቀው። እሷ ጫማ ስትመርጥ፣ አንድ ሰውዬ ዛጎል በመደዳ የተሰፋበት አዲስ አንቀልባ ዘርግቶ አየሁ። ዛሬ ልጅ በጨርቅ ነው የሚታዘለው፤ አንቀልባ ፈረንጅ ለግድግዳው ይገዛዋል አሉ። ጎንበስ ብዬ ሳሸተው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። "እማማ ምን ሆኑ? ፀሐዩ ነው?" አለችኝ። "ፀሐይ አይደለም፣ ባንዳ ነው" አልኳት። ዞራ ዞራ አየች፣ ባንዳ የለም። ቤት ስንገባ "በሉ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፈው" አለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የቆጠርኩት ዶሮ ነው፣ እሱንም ጭልፊት እየወሰደ ያሳስተኛል።

ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ ፈጠም ወንዝ ዳር ነበር። ባሌ ቢያድግልኝ ይባላል፤ እናቱ በገበዝ ማርያም በኩል ናት፣ ቁመቱንም ከዚያው ነው ያመጣው። የሰርጉ ዕለት የለበሰው አቡጀዲ እጀ ጠባብ ከነጭነቱ የተነሳ ዓይን ይወጋል። ያን እጀ ጠባብ አስታውሱልኝ፣ መጨረሻው አያምርም። የዚያን ጊዜ ቡሬ ገበያ አንድ አሞሌ ጨው ይዛችሁ ከወጣችሁ በርበሬውንም፣ ነጭ ሽንኩርቱንም፣ ለራስ የሚሆን ቅቤውንም ሸምታችሁ፣ ለወሬ የሚሆን ጊዜ ተርፏችሁ ትገባላችሁ። ጣሊያን ሊሬ የሚባል ወረቀት አምጥቶ ነበር፤ ባላገሩ ግን ጠገራ ብሩን ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ካላስጮኸ ልቡ አይረጋም። "ወረቀቱ ሲጥሉት ዝም ይላል፤ ዝምተኛ ገንዘብ አላምንም" ይሉ ነበር አንድ ሽማግሌ። እኔም እስከ ዛሬ ብር ሲሰጡኝ ጆሮዬ ይጠብቃል።

በዚያ ክረምት ነብር ለመደን። መጀመሪያ የጎረቤታችንን የዘሀራን ፍየል ወሰደ፣ ቀጥሎ ሌላዋን። ዘሀራ እስላም ናት፤ ባሏ በቅሎ ጭኖ ወለጋ ሲወርድ ወራት ይቆያል፣ እሷ በርበሬና ጨው ትነግዳለች። ሰይድ የሚባል፣ መዳህ የጀመረ ወንድ ልጅ ነበራት። አንድ ቀን ሲነጋጋ ጮኸች። ሮጠን ስንደርስ ነብሩ የቤቷን የጭቃ ግድግዳ ልጁ በሚተኛበት በኩል ቧጭሮ፣ ምርጉን አራግፎ፣ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ከፍቷል። ዘሀራ ሰይድን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቀዳዳውን ታያለች። "ፍየል አልበቃውም፣ አሁን የመጣው ለዚህ ነው" አለች።

በጠመንጃ እንዳይገደል ጠመንጃ የለም። ያለው ያስረክብ ተብሎ አዋጅ ተነግሯል፤ ያላስረከበው የሆነውን ቡሬ ገበያ መሀል ሁላችንም አይተናል፣ እሱን አላወራም። ጠመንጃ ቀርቶ አንድ ፍሬ ጥይት የተገኘበት ሰው ቤቱም እሱም አይተርፍም። የአማቴ ውጅግራ ጠመንጃ ግን ሞራ ተቀብቶ፣ በቆዳ ተጠቅልሎ፣ ጥጆች የሚያድሩበት ሥር እህል ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ይህን የምናውቅ እኔና ቢያድግልኝ ብቻ ነን። ያን ቀዳዳ ካየ በኋላ እሱ እህል አልዋጥ አለው። "እኔ እገድለዋለሁ" አለኝ። ሳቅሁበት። ሞፈር እንጂ ሌላ ነገር ጨብጦ አያውቅማ። ሳቄን ስጨርስ ፊቱን አየሁት፣ ከዚያ ወዲያ ሳቅ አልመጣም።

ዓባይ በረሃ ወርደው ጎሽ የገደሉ አያ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩን። ጥርስ የላቸውም፣ ምላስ ግን አላቸው። ጠራናቸው። መደባችን ላይ ተቀምጠው ባሌን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ተኩሰህ ታውቃለህ?"

"የሰርጌ ዕለት፣ ወደ ሰማይ።"

"አገኘኸው?"

"ማንን?"

"ሰማዩን ነዋ። እሱ ሰፊ ነው፤ ነብር ጠባብ ነው ልጄ።"

ከዚያ የሚያስፈልገውን ዕቃ ይነግሩን ጀመር። ካራ፣ ግን አዲስ አይሁን፣ አዲስ ካራ ያብለጨልጫል። ጠፍር፣ ዛፍ ላይ ራሱን የሚያስርበት፣ እንቅልፍ ቢወስደው እንዳይወድቅ። የውሃ ቅል፣ ግን አፉ በጨርቅ ይደፈን፣ ቅል ያወራል። ስንቁ በሶ ይሁን፣ ቆሎ ግን በፍጹም፤ "ነብር የቆሎ ድምፅ ከሰማ ድግስ አለ ብሎ ዘመዱን ይጠራል።" ልብሱ ነጭ አይሁን። ይህን ሲሉ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የሰርግ እጀ ጠባቡን ረግረጉ ዳር ወስጄ በጥቁር ጭቃ ዘፍዝፌ ረገጥኩት። እየረገጥኩ አለቀስኩ። እናቴ ብታየኝ "አብዳለች፣ መልሷት" ትል ነበር። በመጨረሻ በፍየል በጠጥ አሽቼ አለበስኩት። ሙሽራ ባልሽን ቅቤ ቀቢው ይባላል እንጂ በጠጥ ቀቢው የተባለች እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ቀረ ጥይት። ጥይት የሌለው ውጅግራ ምርኩዝ ነው። ዘሀራ "እኔ አውቃለሁ" አለች። ቡሬ አንድ ጨው ነጋዴ ሽማግሌ አለ፣ ከአሞሌው መሀል የሚሸጠው ሌላ ነገር አለው። መግዛቱ ቀላል ነው፣ ጭንቁ ከከተማው ማውጣቱ ነው። መውጫው ላይ ኬላ አለ። ነጋዴ ከሆንክ ጆንያህን መሬት ላይ ይገለብጡታል፣ ኪስህን፣ መቀነትህን ይዳብሳሉ። የማይነኩት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ልጅ ያዘለች ሴት። ዘሀራ ቆዳ ፋቂውን አናግራ አንቀልባውን ድርብ አስደረገችው፤ በድርቡ መሀል፣ ከዛጎሉ መደዳ ሥር፣ ጥይቶቹ እዚያው ቡሬ፣ ጨው ነጋዴው ቤት፣ አንድ በአንድ ተሰፉ። "እኔ አህያውን ስነዳ ይፈትሹኛል፣ ልጁን አንቺ እዘይ" አለችኝ። "ቢይዙንስ?" አልኳት። "ነብሩስ ቢይዘው?" አለችኝ። ሰይድን አዘልኩት። የሰው ልጅ ጀርባዬ ላይ ሲሞቀኝ የመጀመሪያዬ ነው። አንገቴን በምራቁ ያረጥበዋል፣ ሹሩባዬን ይጎትታል፣ ደስ ብሎታል። ከጀርባው ሥር ሞት ተሰፍቶ ተቀምጧል፣ እሱ ሹሩባ ይጎትታል።

ኬላው በመንገዱ ላይ የተጋደመ አንድ ግንድ ነበር፤ ዳር ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ጎጆ፣ ሥሯ አንድ ጣሊያን ተቀምጦ ዝንብ ያባርራል። ፍተሻው የባንዳዎቹ ነው። የዘሀራን በርበሬ ሲገለብጡት እኔን አሳልፈውኝ ነበር፣ አልፌም ነበር። "ቁሚ" አለ አንዱ። ረጅም ነው፣ ካኪ የለበሰ፣ አነጋገሩ የደምበጫ ሰው ይመስላል። የአገር ልጅ ሲሆን ይብሳል፤ ፈረንጅ ምን ያውቃል።

"ልጁ የማን ነው?"

"የኔ።"

"ስሙ ማነው?"

ሰይድ አይባል ነገር፣ ግንባሬ ላይ መስቀል ተነቅሷል። አፌ ላይ የመጣውን አልኩ፤ "ቢያድግልኝ።"

"ክርስትና ተነስቷል?"

"ተነስቷል፣ ጌታው።"

"ታዲያ ማተቡ የታለ?"

ሁሉን አሰናድተን ነበር፤ ድርቡን፣ ስፌቱን፣ ዛጎሉን። ማተብን ግን አንዳችንም አላሰብነው። ዘሀራ ማተብ አታስር፣ እንዴት ብሎ ይታያት። እኔ ደግሞ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አንገቴ ላይ ስላለ እንደ ቆዳዬ ረስቼዋለሁ። የሰይድ አንገት ባዶ ነው፣ ወፍራም፣ ንጹሕ፣ እጥፍጥፍ ያለ አንገት። ባንዳው እሱን ያያል፣ የኔን ጥቁር ክር ያያል፣ ግንባሬን ያያል። ባሌን በሐሳቤ ገበያ መሀል ቆሞ አየሁት፣ ሌሎቹን እንዳየኋቸው። ዘሀራን አየሁ። ልጁንስ ምን ያደርጉታል ብዬ አሰብኩ፣ እዚያ ስደርስ ሐሳቤ ቆመ።

ዘሀራ የፈሰሰ በርበሬዋን ጥላ መጣች። "ሰይዴን ምን አደረጋችሁብኝ?" አለች።

"ልጁ የማን ነው?" አላት ባንዳው።

"የኔ ነዋ።"

"ይቺ የኔ ነው ትላለች።"

ዞራ አየችኝ። እንዲያ ያለ አስተያየት አይታችሁ አታውቁም፣ አያሳያችሁም። ባንዳው ሳቀ፣ ጓደኞቹም ተሰበሰቡ። "እኔ ሰሎሞን አይደለሁም" አለ፣ "ግን ፍርዱን አውቀዋለሁ። ከአንቀልባው አውርጂውና ለሁለት እንክፈለው።" ሳንጃውን መታ መታ አደረገው። ለቀልዱ ነው። እኔን ግን የገደለኝ ሳንጃው አይደለም፣ "አውርጂው" ያለው ነው። ልጁ ከወረደ አንቀልባው ባዶውን እጁ ይገባል።

"ክፈለው ጌታው" አለች ዘሀራ። "የላዩን ግን ለኔ። የታቹን ለሷ ስጣት፣ ሲያረጥብ ነው የሚውል።"

ሳቁ። እሷ ቀጠለች፤ "ይቺ ሙሽራ ናት። ልጅ ያዘለች ልጅ ታዝላለች ሲሉ ሰምታ የኔን ስታዝል ትውላለች፣ ይጋባብኛል ብላ። አሁን ደግሞ የኔ ነው ማለት ጀመረች? ነገ ባሌንም የኔ ትላለች።"

"እውነት ነው?" አለኝ ባንዳው። ራሴን ነቀነቅሁ፣ እንባዬ ፈሰሰ። እንባው የማስመሰል አልነበረም። እሱ ግን ለልጅ ያለቀስኩ መሰለው መሰለኝ፣ ፊቱ ለዘብ አለ። "ማርያም ትስጥሽ" አለና ልጁን ሊያባብል እጁን ከአንቀልባው ሥር ሰደደ። እዚያው ላይ ቆመ፣ እጁ። ዓይኔን አየኝ። ከዚያ መንጭቆ አወጣው፤ መዳፉ ርሷል። "አረጠበው" ብሎ ካኪው ላይ ጠረገ፣ ሌሎቹ ተንከተከቱ፣ "ሂዱ" አለን። በዛጎሉ ሥር ያለውን ነክቶ ይሁን ወይስ ሽንቱን ብቻ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያረጠበው ሰይድ ይሁን እኔ፣ እሱንም አልናገርም።

ቤት ስንደርስ አያ ደሴ ስፌቱን ፈትተው አንዱን ጥይት ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። "ይህ ምን ይሸታል?" "ሰይድ ነው አያ" አልኳቸው። "ደግ። ነብሩም ለሰይድ ነው የሚመጣው።" እኔ ደግሞ ልርዳ ብዬ "ምድጃ ዳር ላድርቀው?" አልኩ። ሽማግሌው ከመደቡ ሲነሱ አላየኋቸውም፣ በር ላይ ነው ያየኋቸው። "ቢያድግልኝ፣ ከነብሩ በፊት ይቺን እሰራት" አሉ።

የሚቀጥለው ጭንቅ ድምፁ ነበር። ውጅግራ ሲተኮስ ቡሬ ድረስ ይሰማል። አያ ደሴ ዘዴ ነበራቸው፤ ነጎድጓድ ጠብቀህ፣ ከሱ ጋር አብረህ ተኩስ። ዘሀራ የቀረቻትን ፍየል ከቤቷ ኋላ አሰረችለት፣ ባሌ እዚያው ካለው ወይራ ላይ ወጥቶ በጠፍር ታሰረ። ነብር ሲመጣ ነጎድጓድ የለም፣ ነጎድጓድ ሲመጣ ነብር የለም፤ እንዲያ እንዲያ ስንል ከረምን። አንድ ቀን ከብት ሲገባ ሰማዩ ጠቆረ። እኔና ዘሀራ ቤት ውስጥ ነን፣ ነብሩ በከፈተው ቀዳዳ በየተራ እናያለን። ተራው የኔ ሲሆን ፍየሏ ዝም አለች። ሣሩ ተንቀሳቀሰ፣ ዓይን አየሁ፣ ወደ ፍየሏ አይደለም የሚያየው፣ ወደ ቀዳዳው ነው። ወደ እኔ። ዘሀራን በእጄ ያዝኳት። መብረቁ በራ፣ ከዚያ ምድር ተሰነጠቀች። የቱ የእግዜር፣ የቱ የባሌ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ዓይኔን ስገልጥ ነብሩ ፍየሏ እግር ሥር ወድቋል፣ ፍየሏ ቆማ ታመነዥጋለች።

ዳንን አልኩ። ከነጎድጓዱ ጋር ማን ይሰማዋል። ነጎድጓዱ ወደ ዳሞት ተራራ ሄደ፣ ዝናቡ አባራ፣ አገሩ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ከወይራው ላይ፤

"ዘራፍ! ዘራፍ! የስንዱ ባል፣
የፍየል ቀማኛ እንዲህ ይጣላል!"

ስንዱ እኔ ነኝ።

ምን ታደርጉታላችሁ። የጎጃም ወንድ ገድሎ ዝም ማለትን ማን አስተማረው? አባቱ ፎክሯል፣ አያቱ ፎክሯል፣ አውሬ ጥለህ ካልፎከርክ እንዳልገደልክ ነው። ከአፉ ወጣ እንጂ እሱ አላወጣውም። ተራራው ተቀብሎ ደገመው፤ "የስንዱ ባል፣ የስንዱ ባል" እያለ ፈጠምን ተሻገረ። አያ ደሴ ከወይራው ሥር ደርሰው እግሩን ይዘው ሲጎትቱት፣ በጠፍሩ ታስሯልና አይወርድም፣ እላይ ሆኖ ሁለተኛውን ሊጀምር አፉን ከፍቷል።

ነብሩን ሳንገፈው ፍግ ክምር ውስጥ ቀበርነው። ጠመንጃው ጉድጓዱ ገባ፣ ካራው ጓዳ፣ ጠፍሩ በሬ አንገት ላይ፣ አንቀልባው ከተረፉት ጥይቶች ጋር መልሶ ተሰፍቶ ዘሀራ ጀርባ ላይ። ሲነጋ መጡ። ጣሊያኑ በበቅሎ፣ ያ ረጅሙ ባንዳ ከፊት። "ስንዱ የምትባል ማናት?" አለ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ከተደበቅሁ ሌላ ሰው ይመታል። ወጣሁ። ባንዳው አየኝ፣ ከዚያ ዘሀራን፣ ከዚያ የሰይድን አንገት፣ ከዚያ አንቀልባውን። ዓይኑ አንቀልባው ላይ ቆየ።

"ባልሽ ምን ገድሎ ነው የፎከረ?"

"ድመት" አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። "ጠላ ሲቀምስ ያደርገዋል ጌታው። የኔን ድመት ነው የገደለብኝ፣ እኔ ነኝ መክሰስ ያለብኝ።"

"እውነት ነው?" አለው ቢያድግልኝን። ባሌ ጭቃ በጭቃ እጀ ጠባቡን እንደለበሰ ቆሟል። አየኝ። ነብር የገደለ ሰው ነው፤ በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ በአንድ ጥይት፣ ለጎረቤት ልጅ። አፉን ሲከፍት አየሁት፣ ነብር ነው እንዳይል ፈራሁ፣ ኬላው ላይ ከፈራሁት ይልቅ ያን ጊዜ ፈራሁ።

"ድመት ነው" አለ።

ባንዳው ለጣሊያኑ ተረጎመለት። "ጋቶ? ጋቶ?" እያለ በቅሎው ላይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለስካሩ ይገረፍ አለ፣ ገረፉት፣ በሰው ፊት። ዝም ብሎ ቻለ። ባንዳው ሲሄድ ዘሀራ አጠገብ ቆም ብሎ "አሁንም ማተብ የለው" አለ፣ ሌላ ነገር ሳይል ወረደ።

ከዚያ በኋላ የመንደሩ ልጆች ግጥም አወጡለት፤ "ቢያድግልኝ ጀግናው ድመት ገዳይ፣ አይጥ እልል ትላለች ጎተራው ላይ።" እውነቱን የሚያውቁት እናትና አባታቸው ዝም ይላሉ፣ ዝም ማለት ግድ ነው። እሱም ዝም። ጣሊያን ሲወጣ ፍጉን ቆፈረው፤ ከዚያ ሁሉ ቆዳ ጥፍርና አፈር ነው የቀረው። ጥፍሯን አንዷን አጥቦ ለሰይድ አንገት ሰጠው። ሰይድ ትልቅ ነጋዴ ሆኖ፣ ሱፍ ለብሶ ቡሬ ሱቅ ከፍቶ፣ ያቺ ጥፍር ቁልፉ ላይ ተንጠልጥላ አይቻታለሁ። ባሌ ግን እስኪሞት በሰው ሰርግ፣ በራሱ ልጆች ሰርግ እንኳን አንድ ቀን ዘራፍ አላለም። ሌሎቹ ሲፎክሩ ተነስቶ ከብት ሊያይ ይወጣ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ግን፣ እነዚያ ከኮረብታው ሥር እስኪሰወሩ ቆመን አየናቸው። ከዚያ ባሌን አስቀምጬ ጀርባውን በለብ ያለ ውሃ ሳጥብለት፣ ዘሀራ ሰይድን አውርዳ መጣች። ካራውንም፣ ቅሉንም፣ ጠፍሩንም በየቦታው አየችው። የተገረፈውን ጀርባም አየችው። "እንግዲህ የአዳኝ ዕቃ ሁሉ ሞላንለት" አለች፣ "ለአፉ የሚሆን ልጓም መግዛቱን ነው የረሳነው።"